ወለሉ ሲነሣ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣
የእንቁላል ካርቶን ነው የክፍሌ ግድግዳ፣ የክፍሌ ሰማይ።
ማሚቶ ይውጥ ብለን የለጠፍነው፤
ስቱዲዮ እንለዋለን፣ እውነቱ ጓዳ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከጅጋ ደረሰኝ አንድ ጣጣ፤
ሃያ ሦስት ደቂቃ፣ የፈንታነሽ ቁጣ፣
ስለ ድንበር ድንጋይ፣ እግር ስላወጣ፣
በሌሊት ተጉዞ ማሳዋ ውስጥ ስለመጣ።

የቀዳው ስንሻው ነው፤
መቅጃውን በርጩማ ላይ አኑሮ፣ እሷን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ።
ስትቆጣ ትነሣለች መሰል፣ ድምፅዋ ማይኩን ይነክሰዋል፤
ስታዝን ወደ ጉልበቷ ታጎነብሳለች፣ ቃሏ ጉድጓድ ይገባል።

ኮምፒውተሩ ላይ ሞገዱን ስዘረጋው፣
ጮቄ ነው መውጫው፣
ዓባይ በረሃ ነው መውረጃው፤
ደንበጫ ባጃጅ የሚነዳው፣ ቡሬ በርበሬ የምትለቅመው፣
ድምፅ ሲጨምር ሲቀንስ ይክረም እንዴ ጆሮ ያለው?
ሙያውን ያስተማረኝ ጋሼ ደምስ እንዲህ ይል ነበር፦
«ሬዲዮ የሚሰማ ሰው እየበላ ነው የሚሰማ፤
ጉርሻው ላይ አታስደንግጠው፣
ሹክሹክታ ሲያሳድድም ወጡ አይቀዝቅዝበት።»

ስለዚህ መጭመቂያውን ከፈትኩ።
ደፉን ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ላይ ተከልኩ፤
ከደፉ በላይ ሦስት የዘለለ፣ አንድ ብቻ ይራመድ አልኩ።
አያያዙን ግን አዘገየሁት፣ ለአፍታ፣ ለዐይን ጥቅሻ፣
‹ጠ› እና ‹ቀ› ስለታቸውን ይዘው እንዲያልፉ፤
ስለት ያጣ ቁጣ ልመና ነው መጨረሻ።

«ልየው! አንተ የባሌ ወንድም!»
ያለችው፣ ጣራ የነደለው፣ ቀዩን መብራት ያበራው፣
አሁን ጎንበስ ብሎ ገባ፣ እንደ እንግዳ፣ ጉበኑ እንዳይመታው።
ደስ አለኝ። ትንሽም አፈርኩ፤
የሰው ጩኸት በአንድ ጣት ሲጎነብስ ማየት።

ከዚያ የተቀነሰውን ያህል ሁሉንም ከፍ አደረግሁ።
ያኔ ነው ወለሉ የተነሣው፦
ዶሮ፣ ቆርቆሮ የሚነካካ ካፊያ፣ የበርጩማ እግር፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣
ጨለማ ቤት መስኮት ሲከፈት አቧራው እንደሚገለጥ።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ
«ባሌ የሞተ ሌሊት...» ትልና ዝም ትላለች።
አራት ሰከንድ።
ባዶ ነው ብዬ ልቆርጠው ምልክት አድርጌበት ነበር፤
ረስታ ነው ብዬ፣ ወይም እንባ ተናንቋት።
ባዶ አልነበረም።
ከትንፋሿ ሥር፣ ከካፊያው ሥር፣ አንድ ወንድ፦
«ተይ፤ የሞተውን አታንሺ።»
እሷም፦ «ሌላ የምለው የለኝም።»

ደግሜ ሰማሁት። ሦስቴ።
ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አገሩም ያውቀዋል፣
ዘወትር ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት «እንዴት አደራችሁ» ይላል።

ስንሻው ሻይ ይዞ ገባ። «ደረጃው ተስተካከለ?»
ማዳመጫውን አውልቄ ሰጠሁት።
ሰማ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረው፣
ለመውደቅ ምንም ያልቀረው።
«ለሷ ብዬ ነው» አለ፣
መርፌ በማያነቃንቅ ድምፅ።
ቆየት ብሎ፦ «ዝቅ ያለውን ዝጋው፤ መሣሪያው ይችላል።»
መሣሪያውማ ይችላል።

አልዘጋሁትም። አላጎላሁትምም።
ሐሙስ ከመተላለፉ በፊት ጅጋ ደወልኩ፤
ስልኩን የድምፅ ማጉያው አፍ ላይ ደቅኜ
አራቱን ሰከንድ ለባለቤቷ አሰማኋት።
ከዚያ ጠበቅሁ።
መስመሩ ተቋርጦ ይሁን፣ እሷ ዝም ብላ፣ አልለየሁም፤
እጄ ብቻ በጨለማ እንዳለ ሰው ጠረጴዛውን ይዳብሳል፣
የዝምታዋን መጠን የሚጨምር እጀታ
ይፈልጋል፣ ይፈልጋል።